በበዓለ ሃምሳ የጾመችው

ኢሪኒ ልትመነኩስ ነው ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ከኔ ከራሴም ስሙት። እኛ የቅብጥ ክርስቲያኖች በበዛንበት በሹብራ ሰፈር ወሬ በእግሩ አይሄድም፤ ከሰገነት ሰገነት እየዘለለ ነው የሚደርሰው። እኔ መመንኮሴን የሰማሁት ሰፈሩ በሙሉ ከሰማ በኋላ ነው።

ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የሴቶች ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። ክብደቴ፣ አትሳቁ፣ ዘጠና ስድስት ኪሎ ነበር። የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ናጊብ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ጋዜጣ ሲያነቡ እንኳ ከረባት የሚያስሩ ሰው ናቸው። እናቴ የለችም። ስኳር በሽታ መጀመሪያ የእግሯን ጣት፣ ቀጥሎ እግሯን፣ በመጨረሻ እሷን ወሰደብን። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ሄድራ ደግሞ ከኛ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የሟች አባቱን ልኳንዳ ቤት የያዘ ሰው ነው። ትከሻው በር ይሞላል። ስልክ ሲያነሣ ግን ያ ሁሉ ሰውነት የት እንደሚገባ እንጃ! «አሎ... ደህና ነሽ?... እሺ... በይ ቻው።» ይኸው ነው። ሲጽፍ ሌላ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ልገዛ ስሄድ፣ ደም እንዳይነካው በላስቲክ አድርጎ በሥጋው ጥቅል ውስጥ ደብዳቤ ያስቀምጥልኝ ነበር። እኔም የሳምንቱን መልስ መዳፉ ውስጥ ሸጉጬ እወጣለሁ። አባቴ «ለልኳንዳ ነጋዴ የምድራት ልጅ የለችኝም» ስላሉ፣ ፍቅራችን እንዲህ በወረቀት ተጠቅልሎ ነው ያደገው።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ጭንቅ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለም፤ ሥጋ ከሌለ ደብዳቤ የለም። ሙስሊም ደንበኞቹ እንደወትሮው ይገባሉ ይወጣሉ፤ እኔ የናጊብ ልጅ በጾም ልኳንዳ ቤት ብታይ ግን መንደሩ ያብድ ነበር። ሰው ሁሉ ፋሲካን የሚናፍቀው ለሥጋው ነው፣ እኔ የምናፍቀው ለወረቀቱ።

ዘንድሮ በፋሲካ ዋዜማ የሰጠኝ ጥቅል ሁለት እጅ ይፈልግ ነበር። ጮማ ጮማው ተመርጦ፣ ከላዩ ላት ተደርቦበት። ወጥ ቤት በሩን ዘግቼ ደብዳቤውን ፈታሁት።

«ኢሪኒዬ፣ ሃምሳ አምስቱንም ቀን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። በአርባኛው መስኮትሽ ሥር አለፍኩ። ልብስ እያሰጣሽ ነበር። ቀና አላልኩም፤ ቀና ብል ኖሮ ስምሽን እጠራ ነበር። ከእንግዲህ ተደብቆ መኖር በቃኝ። ዳግም ትንሣኤ ባለፈ በሐሙሱ ቤታችሁ እመጣለሁ። አባትሽ ካባረሩኝም በዋናው በር ያባርሩኝ። ይሄን ሥጋ ላንቺ ብዬ ለማንም ሳልሸጥ ነው ያቆየሁት። ብዪልኝ። ስትበዪ ሳስብ ደስ ይለኛል። ያንቺው ሄድራ።»

ስድስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ አባቴን ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ። ማታ ላይ ጋዜጣቸውን አጥፈው «አንድ ጊዜ ብቻ እሰማዋለሁ። አንድ ጊዜ!» አሉኝ። በዚያን ዕለት ከኔ የከበረ ሰው በሹብራ አልነበረም።

* * *

በፋሲካ ሳምንት ረቡዕ ዶክተር ሱሄይር ዘንድ ሄድኩ። ከሁዳዴ ጀምሮ ውኃ ውኃ ይለኝ ነበር፤ ደረጃ ስወጣ እጄን ግድግዳ ላይ እያሳረፍኩ ነበር የምወጣው። ዶክተሯ የኔ እኩያ ናት፤ ፊቷን ሳትቀይር ነገር ትናገራለች።

«ጉበትሽ ውስጥ ስብ ገብቷል» አለችኝ ወረቀቱን እያየች። «ስኳርሽ ደግሞ ደፍ ላይ ቆሟል። ገና አልገባም። ግን ለመግባት ጫማውን እያወለቀ ነው።»

«መድኃኒት እጀምራለሁ?»

«መጀመሪያ ምግብሽን እንይ። ሰባት ስምንት ኪሎ ብትቀንሺ ጉበትሽ ይተነፍሳል። ብዙ መንገድ አለ፤ አንዳንዱ ሰው ቪጋን ሆኖ ይሳካለታል። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ።»

በዚያ ሁሉ ፍርሃቴ መሐል ሳቄ መጣ። «ዶክተር፣ ይሄማ ጾም ነው! እኛ በዓመት ከሁለት መቶ ቀን በላይ ቪጋን ነን።»

«አውቃለሁ፣ ጎረቤቶቼ ቅብጦች ናቸው። እስቲ ንገሪኝ፣ ስትጾሙ ትከሳላችሁ?»

በሁዳዴ አራት ኪሎ ጨምሬ ነበር። ምን ስበላ እንደከረምኩ ትዝ አለኝ። ጠዋት ጠዕሚያ፣ በዘይት የተጠበሰ የባቄላ ድብልቅ፣ በዳቦ፣ ቀን ኮሸሪ ከሩዙም ከመኮሮኒውም፣ ከሰዓት ድንች ጥብስ፣ ማታ ሃላዋ የሚባለው የሰሊጥ ጣፋጭ ከነማንኪያው፣ በየመሐሉ «የጾም ነው» የሚል የተጻፈበት ብስኩት። ነፍሴ ጾማ ይሆናል፤ ጉበቴ ግን ጾም መግባቱን የነገረው የለም።

«ስለዚህ እውነተኛውን ሞክሪው» አለች። «ምስር፣ ፉል ዘይት ሳይዋኝበት፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ያልተፈተገ ስንዴ። ቢ አሥራ ሁለት የሚባለውን ቫይታሚን ለብቻ ትወስጃለሽ፤ ከአትክልት አታገኚውም። በእግርሽ ትሄጃለሽ። በሦስት ወሩ እንለካለን።»

«ይሠራል?»

«እንጃ። ላይሠራም ይችላል። ሰውነት የየራሱ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ሲሰማ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኔ ግን የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ «እንጃ» የሚባል ነገር ነፍሴ ነው። አዲስ ደብተር ገዛሁ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ክብደቴን ጻፍኩ፤ ከሥሩ ጥያቄ ደረደርኩ። ሥጋ ነው የሚያወፍረኝ ወይስ ዳቦው? ምስር ብቻ በልቶ ሰው እስከ ምሳ ይቆያል? ወገብ መጀመሪያ የሚቀንሰው ከየት ነው? ለሄድራ ሐሙስ ሲመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ደብተሩን ይዤ ቤት ስገባ፣ ከበሩ ጀርባ የእናቴ ጫማ አሁንም ነበር። መጨረሻ ላይ የምታደርገው አንዱን ብቻ ነበር። አባቴ እስከዛሬ አላነሡትም። እዚያው ቆሜ፣ ሐኪሟ ፊት ያልፈራሁትን ያህል ፈራሁ።

* * *

አሁን ስሕተቴን ልንገራችሁ። ከኛ ወገን ያልሆነ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት ሊሠራ አይችልም።

የዳግም ትንሣኤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምሳ ነበር። ወንዶቹ ትሪ ይዘው ያዞራሉ፤ ሥጋው ከሄድራ ሱቅ የመጣ ነው፤ እሱም ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወዲያ ማዶ ቆሟል። ሩዝ በሥጋ የተቆለለበት ትሪ ፊቴ ደረሰ። እኔ ሆዬ አራተኛ ቀኔ ነበር፤ በአራት ቀን አንድ ኪሎ ተኩል ቀንሼ በደስታ ሰክሬያለሁ። ሳላስበው «የጾም አለ?» አልኩ።

ማንኪያ ሁሉ ቆመ።

ሥጋ የሌለበትን ሌላ ምን ብዬ ልጠይቅ? በኛ ቤት ያለው ስም እሱ ብቻ ነው። ግን በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት፣ ቄሱ «ዛሬ የጾመ ትንሣኤውን ያልሰማ ነው» እያሉ በሚቀልዱበት ጊዜ!

አጠገቤ የተቀመጡት የዋጊህ እናት ነበሩ። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ቤታችን ውስጥ የሚሆነውን ከኛ በፊት ያውቁታል።

«በሃምሳው? አንቺ ልጅ፣ ጌታ ተነሥቶ እያለ ለማን ነው የምትጾሚው?»

«ጾም አይደለም እትዬ፤ እንዲያው... የራሴ ምክንያት አለኝ።»

«የራሷ ምክንያት!» አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው። «ስእለት ነው!»

ያኔ «ጉበቴን አሞኝ ነው» ብዬ ብናገር ኖሮ ወሬው እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ሐሙስ ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው አለ። ያላገባች ሴት በሽታዋን በአዳራሽ አትናገርም። እናቷ በስኳር የሞተች ደግሞ ጭራሽ አትናገርም። ስለዚህ ጭንቅላቴን አቀርቅሬ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ትሕትና አደረጉት።

«ናርዲንም እኮ የጀመራት እንዲሁ ነው» አሉ የዋጊህ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ናርዲን የአጎቴ ልጅ ናት። «በሃምሳው ሥጋ እምቢ አለች፤ በጳጉሜ ገዳም ገባች።»

ቀና ስል ሄድራ እያየኝ ነበር። በእጁ የያዘው ትሪ ዘንበል ብሎ ሩዙ ይፈሳል፣ አላወቀም። ዓይኑ ውስጥ ያለውን ቅሬታ ሥጋውን በመመለሴ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ፈገግ አልኩለት፤ ፊቱን አዞረ። ያች የዞረች ፊት እስከ ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጣች።

* * *

ሐሙስ አባቴ ጥቁር ሱፋቸውን ለበሱ። እኔ ለአራት ወር ያልገባልኝን ሰማያዊ ቀሚስ ለበስኩ፤ ዚፑ እየተነጫነጨም ቢሆን ተዘጋ። ኬክ አቀረብኩ፣ እኔ ግን አልቀመስኩም። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አሥራ ሁለት ሆነ። አባቴ ሰዓታቸውን ማየት ትተው እኔን ማየት ጀመሩ፤ እሱ ይብሳል።

ደወልኩ።

«አሎ» አለ ሄድራ።

«የት ነህ? አባዬ እየጠበቁህ ነው እኮ!»

ሲተነፍስ ይሰማኛል። «እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ ኢሪኒ» አለና ዘጋው።

ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሸኘኝ። ለምን? ሥጋውን ስላልበላሁ? ለዚህ ያህል?

«ልኳንዳ ነጋዴ!» አሉ አባቴ እየተነሡ። «ሱፍ አስለብሶኝ! ከዛሬ በኋላ ስሙን በዚህ ቤት እንዳልሰማ።» ኬኩን ግን ሳያነሡት እዚያው ትተውት ገቡ። ሳያቸው ትከሻቸው ወርዷል። ለኔም ብለው ተስፋ አድርገው እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ያ ደግሞ ከቁጣቸው በላይ አሳመመኝ።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ሱቁ ጢም ብሏል። የሄድራ እናት እትዬ ሳምያ እንደ ወትሮው በሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ አጠገባቸው ከሰል ተቀጣጥሏል። የዚህ ሱቅ ልማድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የመጀመሪያው ሥጋ ይጠበስና የባለቤቱ ሚስት ሥጋው ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት በደንበኛ ፊት ትበላለች። ባልየው ከሞቱ በኋላም እትዬ ሳምያ ልማዱን አላቋረጡም።

ሲያዩኝ አማተቡ። «እህት ኢሪኒ፣ በጸሎትሽ አስቢን።»

«ምን አሉኝ?»

«ገዳሙ ናርዲን ያለችበት ነው?» አለች ከሰልፉ አንዷ።

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባኝ። ስእለቱ፣ ትሪው፣ ስልኩ። ሰው ገፍቼ ባንኮኒው ጋ ደረስኩ። ሄድራ ሽንጥ እየቆረጠ ነበር። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«ለምን አልመጣህም?»

«ከእግዚአብሔር ጋር አልፎካከርም» አለ ቀና ሳይል። «ሌላ ወንድ ቢሆን ግድ የለም፣ እታገለው ነበር።»

«ገዳም ትገባለች ያለህ ማን ነው?»

«ማንም ባይለኝስ? በሃምሳው መጾምሽን በዓይኔ አይቻለሁ። በእጄ የቆረጥኩትን ሥጋ መለስሽ። እመጣለሁ ብዬ በጻፍኩልሽ በሳምንቱ! ሌላ ምን ልበል?»

«ጉበቴ ነው!» ጮህኩ። የኔ ድምፅ አልመሰለኝም። «ስእለት አይደለም፣ ጉበቴ ነው! ስብ ገብቶበታል! ስኳሬ ደፍ ላይ ነው! ዘጠና ስድስት ኪሎ ነኝ! እሺ? ሌላ ልታውቁ የምትፈልጉት የቀረ አለ?»

ጉበት እንዲመዘንላት ትጠብቅ የነበረች ሴትዮ ቀስ ብላ «ለኔ ይቅርብኝ» አለች።

ሄድራ ቢላዋውን አስቀመጠ። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጣ።

እትዬ ሳምያ ከወንበራቸው ተነሡ። «ልጄን ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ።

«እፈልገዋለሁ።» በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ አልኩት፤ ያውም በሃያ ሰው ፊት።

«እንግዲያው ስሚኝ። ክፉ ሴት አይደለሁም። የልኳንዳ ነጋዴ ሚስት ሥጋ አልበላም ካለች ሰው ምን ይላል? ሥጋቸው ነቀርሳ አለበት ይላል! እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚህ በር ላይ በልቻለሁ። ልጅ በሆዴ ይዤ እያቅለሸለሸኝ በልቻለሁ። ባሌን በቀበርኩ በሳምንቱ እንባዬን እየዋጥኩ በልቻለሁ። ይሄ ሱቅ የቆመው በኔ አፍ ነው።» ከከሰሉ ላይ አንድ ቁራጭ አንሥተው በዳቦ ያዙልኝ። «አንዲት ብቻ። ወሬው እዚሁ ይሞታል። እኔ ራሴ ዛሬውኑ ልጄን ይዤ አባትሽ ቤት እመጣለሁ።»

ሥጋው ይሸታል፣ ምራቄ ሞላ፤ ለምን እዋሻችኋለሁ። አንዲት ቁራጭ ማንን ገድላ ታውቃለች? ዶክተሯ ራሷ ትስቅብኝ ነበር። እጄን ዘረጋሁ። ግን እናቴ ትዝ አለችኝ። እንግዳ እንዳይከፋው አንዲት፣ ለልደት አንዲት፣ ጎረቤት እንዳያኮርፍ አንዲት። ስኳር በሽታ በወረቀት የተጻፈ ስም ነው፤ እናቴን የገደላት ይሉኝታ ነው። ዛሬ ለሰው ብዬ ከበላሁ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ለሰው ብዬ ልበላ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት።

እጄን መለስኩ።

«እትዬ ሳምያ፣ እጅዎን ንቄ አይደለም። በሹብራ ከዚህ የተሻለ ሥጋ የለም፤ ይኸው በሰው ፊት እመሰክራለሁ። ሦስት ወር ልሞክር። ላይሠራ ይችላል፤ ካልሠራ ሌላ እሞክራለሁ። ለወሬ ብዬ ግን አልበላም።»

ከዚያ ሄድራን አየሁት። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል።

«ሄድራ?»

ምንም።

ወጣሁ። መንገዱን እንዴት እንዳቋረጥኩት አላውቅም። ትክክለኛውን ነገር የሠራሁ ይመስለኝ ነበር፤ ልቤ ግን ከቁጥር አላስገባውም፣ ዝም ብሎ ይጮህ ነበር።

* * *

ቤት ገብቼ በእልህ ምስር ጣድኩ። ሽንኩርት መክተፌ ጥሩ ሆነ፤ አባቴ ለምን ታለቅሻለሽ አላሉኝም። ምስሩ ገና መንተክተክ ሲጀምር በሩ ተደበደበ። አባቴ ከፈቱ። እኔ ማማሰያ እንደያዝኩ ከወጥ ቤት አንገቴን ብቅ አደረግኩ።

ሄድራ ነው። ሽርጡ ላይ ደም አለ፣ እጁ እስከ ክርኑ አልታጠበም፣ ሮጦ መጥቶ ያለከልካል።

«እንዲህ ሆነህ ነው ሰው ቤት የምትመጣው?» አሉ አባቴ።

«ልታጠብ ብል ድፍረቴ አብሮ ይታጠባል ብዬ ነው፣ ጋሽ ናጊብ።»

«ሐሙስ ሱፍ ለብሰን ስንጠብቅህ የት ነበርክ?»

«ልትመነኩስ ነው ብለውኝ።»

«ማን? ይቺ?» አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «በቀን አሥር ጊዜ የምትጨቃጨቀኝ? የትኛው ገዳም ይችላታል?»

ሄድራ በሳቸው ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። «ኢሪኒ፣ ቅድም ዝም ያልኩት እናቴን ፈርቼ አይደለም። ጉበት ስለማውቅ ነው። ሃያ ዓመት ጉበት ቆርጫለሁ። ጤነኛው ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ቢላዋ ስታሳርፊበት ይገፋሻል። ስብ የገባበት ግን ቢጫ ነው። ቢላዋው ሳትጫኚው ይሰምጣል። እሱን አንሸጥም፣ እንጥለዋለን። ‹ጉበቴ› ስትዪ እሱ ነው ፊቴ የመጣው። አፌ ተያዘ።» እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። «ጮማ ጮማውን እየመረጥኩ የላክሁልሽ እኔ ነኝ። ለሌላው ቀይ ሥጋ እየሰጠሁ፣ ላንቺ ላት እደርባለሁ። ፍቅር መስሎኝ።»

«ፍቅርማ ነበር» አልኩት። «በዚያ ላይ ሃላዋውን አንተ አልላክኸውም። ጥፋቱን ለብቻህ አትውሰደው።»

«እናትህስ?» አሉ አባቴ። ድምፃቸው አሁንም ቀዝቃዛ ነው።

«አኩርፋለች። ታኩርፍ። ቅዳሜ ቅዳሜ በደንበኛ ፊት የሚበላ ከጠፋ እኔ እበላለሁ። የኔን ቁመና አይቶ ያላመነ ይቅርበት።»

ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ ግን አልሳቁም።

«ስማኝ ልጅ። ዛሬ ሞቅ ብሎህ ነው። አንተ የምትኖረው በሥጋ ነው፤ እሷ ሥጋ ማየት አትፈልግም። ነገ ያታክትሃል። ደግሞ ይሄ ምስሯ ላይሠራ ይችላል፤ ራሷ ነግራኛለች። በሽታው የእናቷ ነው፣ በደሟ ውስጥ አለ። ይሄን ሁሉ እያወቅህ ምን ፈልገህ ነው በሬ ላይ የቆምከው?»

ሄድራ ደም የነካውን ሽርጡን ቁልቁል አየ። በቃ፣ እንደ ስልኩ «እሺ፣ ቻው» ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ማየት ነው የምፈልገው» አለ።

«ምኑን?»

«እሷን። ሰባ ዓመት ሲሞላት ምን እንደምትመስል ማየት እፈልጋለሁ። ጸጉሯ መጀመሪያ የሚሸብተው ከየት በኩል እንደሆነ። ስታረጅ በምን በምኑ እንደምትነጫነጭብኝ። ሥጋ ትብላ፣ ሣር ትብላ፣ ትክሳ፣ አትክሳ፣ ግዴለኝም ጋሽ ናጊብ። እዚያ ትድረስልኝ ብቻ። ከዚያ ውጪ ምንም አልፈልግም።»

አባቴ የበሩን እጀታ እንደያዙ ቀሩ።

«እኔ አላየሁም» አሉ። «የኔዋን ሃምሳ ሰባቷን ብቻ ነው ያየሁት።»

በቀብሯ ዕለት እንኳ ያላለቀሱ ሰው ናቸው። በሩ ላይ፣ ጎረቤት በሚያልፍበት ደረጃ ላይ ቆመው፣ መሐረብ ሳይፈልጉ አለቀሱ። ሄድራ ሊደግፋቸው ፈልጎ፣ ደም ያለበትን እጁን አይቶ ወደ ኋላ ሸሸገው። አባቴ ያንን እጅ ፈልገው አንጓው ላይ ያዙትና ወደ ውስጥ ሳቡት። «ግባ ልጄ» አሉት፣ «በር ላይ አትቁም።»

እኔ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ሁለቱን አየኋቸው። ከዚያን ቀን በፊት የማስበው መሞትን እንዴት እንደማመልጥ ብቻ ነበር፤ ሰባ ዓመት መኖር ያማረኝ ግን ያኔ ነው።